የቶኮዚሌ እናት፣ የሟቾች ሰዳቢ

ስለ ጎረቤቴ ስለ ቶኮዚሌ እናት ላወራችሁ ነው፤ ሳልሰድባት ግን አይሆንልኝም። እኔ ከቤምባ ነገድ ነኝ፣ እሷ ንጎኒ ናት። ድሮ ቅድመ አያቶቻችን በጦር ተጨራረሱ። ሲደክማቸው ታረቁና «ከእንግዲህ ልጆቻችን እየተሰዳደቡ ይኑሩ፤ የተሰደበ ሰው ቢቆጣ ነውር ይሁንበት» ብለው ደነገጉ። ይኸው እኔ አይጥ በላ እላታለሁ፣ እሷ ጦጣ በላ ትለኛለች፣ ሁለታችንም በሰላም ውለን እናድራለን። በደህና ቃል ባነሳት የተጣላን ይመስላታል።

እንግዲህ ልጀምር። ይቺ አይጥ በላ ቁመቷ አጭር፣ ሥጋዋ ለድመት ምሳ የማይበቃ፣ ምላሷ ግን ሰፈሩን የሚያዳርስ ሴትዮ ናት። ገበያ ላይ ካፔንታ ትሸጣለች፤ ጣት የማታህል ደረቅ ዓሣ ናት። ዓሣ ሊገዛ የመጣ ሰው ስድብ ይመረቅለታል። ዋና ሙያዋ ግን ገበያው አይደለም። የቶኮዚሌ እናት ሟች ትሰድባለች።

እኛ ዘንድ ለቀብር አልቃሽ አይጠራም፤ ማልቀስማ ማን ያቅተዋል? የሚጠራው ሰዳቢ ነው። ሟቹ ቤምባ ከሆነ ንጎኒ ይመጣል፣ ንጎኒ ከሆነ ቤምባ። ሬሳው ያለበት ቤት ገብቶ «አንተ ሰነፍ፣ ዛሬም ተኝተሃል?» ይለዋል። የሟቹን ኮት ለብሶ እንደ ሟቹ እያነከሰ ይዞራል። ለለቀስተኛው ከተሠራው የበቆሎ ገንፎ፣ ከንሺማው ላይ ማንንም ሳይጠይቅ ይዘግናል። ትልቁ ጨዋታ ግን መቃብሩ ላይ ነው። ሰዳቢው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ይጋደምና «ቦታው ተይዟል፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ» ይላል። የሟች ወገን የጠየቀውን እስኪሰጠው አይወጣም። እሱን ጎትቶ ማውጣት ነውር ነው፣ መቆጣትም ነውር ነው። የተሰጠውን መልሶ መውሰድማ ሟቹን እንደ መዝረፍ ነው። ደግነቱ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ዶሮ ወይም ቢራ ነው።

በዚህ ሙያ ከካፉቡ ወንዝ ወዲህ የቶኮዚሌን እናት የሚያህል የለም። አንድ ጊዜ ስስታም ነጋዴ ሞቶ ሬሳ ሣጥኑን በጣቷ እያንኳኳች «ጋሼ፣ ዱቄት አለ? በዱቤ ነው» ስትል፣ የሟቹ ሚስት ከሳቅ ብዛት ከበርጩማዋ ወደቀች። እሷ ሳትመጣ የተቀበረ ሰው በደንብ እንደሞተ አይቆጠርም።

ባሏ የማዕድን ሠራተኛ ነበር፤ ከመሬት በታች ነው ዕድሜውን የፈጀው። እሷን ከቺፓታ ወገን በሙሽርነት አምጥቶ እዚህ ሉዋንሺያ አስቀመጣት። ከዚያ ያ የሽያጭ ዘመን መጣ። ከባሕር ማዶ ያሉት አበዳሪዎች ለመንግሥታችን «ማዕድኑን ሽጡ፣ ከስሯችኋል» አሉት፤ ተሸጠ። የገዛውም ሰው በተራው ሠራተኛውን «በዝታችኋል» አለ። ባሏ ተቀነሰ። ለካሣው ጥሬ ገንዘብ የለም ተባለና ድሮም የሚኖርበትን ያንኑ ቤት «እንካ፣ ያንተ ይሁን» አሉት።

«ቤት ይቀቀላል?» አለች የቶኮዚሌ እናት። «ወይስ ግድግዳውን በየተራ እንጥበሰው?»

ሰውዬው ብዙም አልቆየም፣ ሞተ። የሰደብኩት እኔ ነኝ። «ድሮም ከመሬት በታች ነበርክ፤ አሁን ያለ ደመወዝ ተመለስክ» አልኩት። እሷ በለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሆና ሳቀች። ወዳጄ ነበር፣ እኔ ግን የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ አንጀቴ እስኪያር አለቀስኩ።

ዕዳውን ማን ተበደረው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። በእኔ በር ሲያልፍ ያየሁት ብድር የለም። ሊቀመንበር ተበደረ፣ ሚኒስትር ተበደረ፣ በመርሴዲስ ሄደ፤ ከፋዩ ግን ካፔንታ ሻጯ ሆነች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ይኼን ተረት ለቶኮዚሌ እናት ስነግራት «አይጥን አታንሳብኝ፣ ምሳዬ ነው» አለችኝ። በሬዲዮ ደግሞ አንዲት ነጥብ አለች ይሉናል። አበዳሪዎቹ ያዘዙትን ሁሉ ፈጽመን እዚያች ነጥብ ላይ ስንደርስ ዕዳው ይሰረዛል አሉ። ነጥቧ የት እንዳለች ያየ ሰው የለም። በተጠጋናት ቁጥር ትሸሻለች፤ እኛም ተቀንሰን፣ ተሸጠን፣ ተቆርጠን እንከተላታለን።

ልጇ ቶኮዚሌ በምላስ እናቷን አልወጣችም፤ ዝምተኛ ናት። እናትየዋ ዓሣ ሸጣ፣ ተበድራ፣ ተሰድባ አስተማረቻትና አዋላጅ ሆነች። የተመረቀች ዕለት ይቺ አይጥ በላ ገበያውን ሁሉ ዞራ «ከእንግዲህ ምጥ የያዘው ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ፣ ወንዶችም ጭምር» ብላ አወጀች። በዚያው ሰሞን ክሊኒካችን አጠገብ የማዋለጃ ክፍል ተሠራ። በብድር ነው የተሠራው። አረንጓዴ ቀለም ተቀባ፣ አልጋ ገባለት፣ ለማውቀውም ለማላውቀውም ጉዳይ የሚሆን ዕቃ ገባለት፣ የአበዳሪዎቹም ስም በነሐስ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እንዴት ደስ እንዳለን! ክፍሉም ተገኘ፣ አዋላጇም ከሰፈራችን ተገኘች።

ከዚያ ወሬው ከዋና ከተማው ከሉሳካ መጣ። አበዳሪዎቹ ለመንግሥት ደመወዝ ጣሪያ አበጅተውለታል፤ ከዚያ በላይ ሰው መቅጠር የለም። ነርስ የለም፣ አስተማሪ የለም። ለክፍሉ ያበደሩት እነሱ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንዳይቀጠር ያሉትም እነሱ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ክሊኒኩ ያለችው አንዲት ነርስ ብቻ ናት፤ ወባውም፣ ሳሉም፣ የተፈነከተውም የሷ ነው። ስለዚህ የማዋለጃው በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። ቶኮዚሌ ዲፕሎማዋን ይዛ እናቷ አጠገብ ካፔንታ ትለቅም ጀመር። ምጥ የያዛት ሴት ደግሞ በሚኒባስ ወደ ከተማው ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ሚኒባሱ ከተገኘ፣ መንገዱ ካልጎረፈ።

የጓጉንቸሩ መክፈቻ ያለው የምክር ቤት ተመራጫችን ካሶንዴ ዘንድ ነው። የክሊኒኩ ኮሚቴ ሊቀመንበርም እሱ ነው። መክፈቻውን ሱሪው ላይ አንጠልጥሎ እያንቃጨለ ይሄዳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከክፉ የሚብሰው ዓይነት ነው፣ ፈሪ።

አንድ ቀን ገበያ መጣ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«የቶኮዚሌ እናት፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ሆድህ ከደረሰ ቆየ፣ አንተ የት ቀረህ?» አለችው።

ካሶንዴ ቤምባ ነውና መቆጣት አይችልም። ሳቅ ብሎ በርጩማ ሳበ። «ስሚኝ እስቲ፣ የቁም ነገር ነው። አበዳሪዎቹ ሊመጡ ነው። ያንን ክፍል ሊያዩ ነው።»

«ይዩዋ። ጓጉንቸሩ ደህና ጓጉንቸር ነው፣ የሚያሳፍር አይደለም።»

«እሱን ነው የምልሽ። እንግዳ መጥቶ የተቆለፈ በር እናሳየው? የሰፈር ገመና አይደለም እንዴ? ለዚያች ቀን እንከፍተዋለን። ቶኮዚሌ ነጭ ልብሷን ትልበስ፣ ነፍሰ ጡሮች አልጋው ላይ ጋደም ይበሉ። እንግዶቹ ሥራችንን አይተው ደስ ካላቸው ገንዘቡ ይለቀቃል። ገንዘቡ ከተለቀቀ የመጀመሪያዋ ተቀጣሪ ልጅሽ ናት። እናቴን! ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

የቶኮዚሌ እናት ዓሣውን መልቀም ተወች። «ከኔ ምን ፈልገህ ነው ታዲያ? እኔ አላረግዝ።»

«አንቺማ ዝም እንድትይልኝ ነው።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ልጇን ዞር ብላ አየቻት። ቶኮዚሌ ከዓሣው ላይ ቀና ሳትል «እማዬ፣ በሞቴ፣ ያቺን አንድ ቀን ዝም በይልኝ። ይኼ የዓሣ ሽታ መረረኝ» አለቻት። ያቺ ልጅ ምንም ነገር ለምና አታውቅም ነበር። እናቷ ልቧ ሲባባ ፊቷ ላይ አየሁት።

«በቃ፣ ዝም አይነቅዝም» አለች። እኔ በበኩሌ ጨዋታውን ጠላሁት። ግን እንግዳ ሲመጣ የተቀደደውን ምንጣፍ የማይገለብጥ ማን አለ? ሰፈሩ ሁሉ ተስማማ።

ያቺ ቀን ደረሰች። ፍራሽና አንሶላ ከእንግዳ ማረፊያው በውሰት መጣ። ነፍሰ ጡሮች ተለቀሙ። አልጋው ስለበለጣቸው የካሶንዴ የእህት ልጅ ቺቴንጌ ጨርቅ ሆዷ ላይ ጠቅጥቃ ተጋደመች። አጠገቧ ቺሶላ የምትባል አንዲት ለጋ ሴት ነበረች፤ የሷ እርግዝና እውነተኛ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ። ቶኮዚሌ ነጭ ለብሳ መሀል ላይ ቆማለች። እውነት ለመናገር ልብሱ ሌላ ሰው አደረጋት። አንገቷ ቀና ብሎ፣ የሴቶቹን እጅ እየዳሰሰች፣ ቺሶላን «በጀርባሽ አትተኚ፣ በጎን ነው» ስትል ቲያትሩ ለሷ ቲያትር እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር።

እንግዶቹ በመኪና ሰልፍ መጡ፤ አለቃቸው መነጽር ያደረገ፣ ክራቫት ያሰረ ረዘም ያለ ሰውዬ ነው፣ ለዚያውም በዚያ ሙቀት። ተዘፈነላቸው፣ ተጨፈረላቸው። ሰውዬው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ አልጋውን አየ፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ የካሶንዴን የእህት ልጅ በአስተርጓሚ «ስንት ወር ሆነሽ?» ሲላት ደነገጠችና «ከትናንት ጀምሮ ነው» አለች። አስተርጓሚው የሉሳካ ሰው ነው፣ ያስተካክልላት መሰለኝ።

ሲወጣ እኛ በተሰለፍንበት በኩል አለፈ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መርጦ የቶኮዚሌ እናት ፊት ቆመ። አጭር ስለሆነች ታሳዝናለች መሰለኝ። «እናቴ፣ ክሊኒኩ እንዴት ነው? ያገለግላችኋል?» ብሎ አስጠየቃት።

ጉድ ፈላ! ካሶንዴ ላቡ ተንጠፈጠፈ። እኔ በልቤ «በይ አይጥ በላ፣ አሁን ነው፣ ልክ ልኩን ንገሪው» አልኩ። አፏን ከፈተች። ከሰውዬው ትከሻ አልፋ ነጭ የለበሰችውን ልጇን አየች። ቶኮዚሌ በሩ ላይ ቆማ እጆቿን አጣምራለች።

«ደህና ነው» አለች የቶኮዚሌ እናት። «ያገለግለናል። እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ሕይወቷን ሙሉ ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት የመጀመሪያው ጨዋ ንግግር ነበር።

ከዚያ ክራቫቱ ንግግር አደረገ። አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ ተረጎመው፤ «እጅግ ተደስቻለሁ። የደመወዙ ጣሪያ የጤና አገልግሎቱን ይጎዳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ዛሬ በዓይኔ አየሁ። አንድ ሰው እንኳ ሳይጨመር ክፍሉ በሚገባ ይሠራል። ጥረታችሁ ለሌሎች ምሳሌ ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያው ባለበት ይቀጥላል።»

ካሶንዴ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ምን እንደተባለ ገና አልገባውም። እኛም አጨበጨብን። የደሀ እጅ ለማጨብጨብ ፈጣን ነው፣ ጭንቅላታችን ነው ዘግይቶ የሚደርሰው። ከጭብጨባው መሀል የቶኮዚሌ እናት ብቻ እጇን አላነሳችም። የሰማችው እሷ ብቻ ነበረች።

መኪኖቹ አቧራቸውን ለቀውብን ሄዱ። አቧራው ሳይረጋ የእንግዳ ማረፊያው ፒክአፕ መጥቶ ፍራሹን ጫነ። ቶኮዚሌ ነጩን ልብስ አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ዓሣው ጋ ተመለሰች። ካሶንዴ ጓጉንቸሩን ቀርቅሮ «እኔ ምን ላድርግ? ሰምታችሁታል እኮ» እያለ ሄደ። ሱሪው ላይ መክፈቻው ሲንቃጨል እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር።

ቺሶላን ምጥ የያዛት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ሚኒባስ የለም። ሞኝ ናት፤ ከተጋደመችበት አልጋ ሌላ አታውቅምና ወደዚያው ክፍል መጣች። ካሶንዴ ንዶላ ሄዷል፣ መክፈቻውም ከሱሪው ጋር ንዶላ ሄዷል። በሩን በድንጋይ ደበደብን። የብረት በር ነው፤ ብድሩ ለበር አልሰሰተም። ቶኮዚሌ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ አዋለደቻት። ሕፃኑ ወጣ፣ ግን አላለቀሰም። ትንፋሽ የሚሰጠው ዕቃ የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ነው፤ በመስታወቱ ይታየናል፣ መስኮቱም ፍርግርግ አለው። ቶኮዚሌ በአፏ ነፋችለት፣ ነፋችለት። አልሆነም።

ሕፃን አይሰደብም፣ ሕጉ አይፈቅድም። ዝም ብለን ቀበርነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቶኮዚሌ እናት ለቀብር ስትጠራ እምቢ አለች። ሰው ሞተ፣ ሳይሰደብ ተቀበረ። ሌላ ሞተ፣ እንዲሁ። ሰፈሩ ተረበሸ፤ ሽማግሌዎች «እኛስ ስንሞት ምን ሊውጠን ነው?» ማለት ጀመሩ። እኔ ሄጄ «አንቺ አይጥ በላ፣ ምን ሆንሽ? ድመት ዋጠሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። «የሙምባ አባት፣ ተወኝ» አለችኝ። በስሜ ጠራችኝ! ያኔ ነው ነገሩ የከፋ መሆኑን የተረዳሁት። «ያ ሰውዬ ፊቴ ቆሞ ጠየቀኝ። ንገሪኝ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ‹ደህና ነው› አልኩት። አሁን ሟች ምን በደለኝና ልስደበው? መሰደብ የነበረበት ሲያልፍ ዝም ያልኩ ሴት ነኝ።» አለቀሰች። የሰደብኳትን ያህል አፅናናት ብትሉኝ አልችልበትም፣ አጠገቧ ተቀምጬ ዓሣ ለቀምኩ።

የዝናቡ ወራት ሊያልቅ ሲል የካሶንዴ እናት ሞቱ። እማማ ሙኮላ ይባላሉ፤ ጥርሳቸው ካለቀ በኋላ ሰው የሚነክሱ ባልቴት ነበሩ። ካሶንዴ ራሱ የቶኮዚሌ እናት በር ላይ መጥቶ ቆመ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«እባክሽን» አላት። «እናቴን ሳትሰደብ አልቅበራት። እንደ ውሻ?»

ዓይኗ ሱሪው ላይ በተንጠለጠለው መክፈቻ ላይ አረፈ። «እመጣለሁ» አለች።

መቃብሩ ክሊኒኩ ፊት ለፊት ነው፣ መንገድ ተሻግሮ። ክሊኒኩን እዚያ ያሠራው ሰው አርቆ አሳቢ ነበር። ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቷል፤ ዘማሪው፣ ፓስተሩ፣ ከምክር ቤቱ የመጡ ሹማምንት። ሣጥኑ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ እንዳለ የቶኮዚሌ እናት ብቅ አለች። አንገቷ ላይ የባሏን ክራቫት አስራለች፤ ጫፉ ጉልበቷ ድረስ ይወርዳል። ዓይኗ ላይ ከሽቦ የታጠፈ መነጽር ሰክታለች። ማንን እንደምታስመስል ወዲያው ገባን፤ ሳቁ ከኋላ ጀምሮ እየተንከባለለ መጣ። ማንንም ሳታይ ተንሸራታ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደችና ግድግዳውን መታ መታ አደረገች።

«እጅግ ተደስቻለሁ!» አለች ከውስጥ። ድምፁን ቁርጥ አድርጋ ይዛዋለች። «ግን ይኼ ጉድጓድ ጠልቋል። ማን ነው ይኼን ያህል ቆፍሩ ያላችሁ? በግማሹ ማብቃቃት ትችላላችሁ። ሟቿ እንደሆኑ አጭር ናቸው።»

ፓስተሩ ፊቱን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ተሸካሚዎቹ በዝተዋል። ግማሾቻችሁ ተቀንሳችኋል። ካሣ ስለሌለ የቆማችሁበትን ቦታ ውሰዱ፣ የናንተ ይሁን። አልቃሾች! ለእንባ ጣሪያ ተበጅቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ዓይን ብቻ ነው የሚለቀሰው። እማማ ሙኮላ፣ እርስዎም ሞተው የተኙት ያለ በጀት ነው፤ ነጥቧ ላይ እስክንደርስ ድረስ ይነሱና ይሥሩ!»

ወገቤን ይዤ ሳቅሁ። የምክር ቤቱ ሹማምንት መሬት መሬት ያያሉ፤ ካሶንዴ እንደ ሕጉ ሊስቅ ይታገላል፣ የሚወጣው ግን ሳል ነው። ኪሱ ገብቶ ክዋቻ አወጣና ወረወረላት። ገንዘቡ ከጉድጓዱ ተመልሶ ወጣ።

«እኔ ገንዘብ አልቀበልም» አለች። «ቅድመ ሁኔታ ነው ያለኝ።»

«ዶሮ ይምጣልሽ?»

«ዶሮህን ብላው። የማዋለጃውን መክፈቻ ስጠኝ።»

ሳቁ ቆመ። ክራቫቷን ከአንገቷ ፈታች፣ መነጽሩን አወለቀች፤ በራሷ ድምፅ ነው የተናገረችው።

«እሱ የመንግሥት ነው!» አለ ካሶንዴ።

«መቃብሩ ግን የእናትህ ነው። እኔ እዚህ እተኛለሁ፣ ይመቻል። እናትህን ወደ ቤት መልሳት፣ ሳሎን አስቀምጣት።»

«የቶኮዚሌ እናት፣ በእግዚአብሔር! ክፍሉ ቢከፈት እኮ ለሠራተኛው ደመወዝ የለም።»

«ደመወዝ አልኩህ? መክፈቻ ነው ያልኩህ።»

ካሶንዴ ወደ ሹማምንቱ ዞረ፤ አንዳቸውም አላዩትም። ወደ ፓስተሩ ዞረ፤ ፓስተሩ ሰማዩን ያያል፣ ደመናው ከብዷል። ተሸካሚዎቹ ትከሻቸውን ይቀያይራሉ። ከሴቶቹ መሀል ቺሶላ ቆማለች፤ እሷን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ። መክፈቻውን ከሱሪው ፈትቶ ጣለላት። ከጉድጓዱ መክፈቻውን የያዘ እጅ ወጣ፣ «ቶኮ! ሂጂ ክፈቺ፣ ጓጉንቸሩን አምጪልኝ፣ ያኔ እወጣለሁ» የሚል ድምፅም ወጣ። ቶኮዚሌ ሮጠች። የካሶንዴ የእህት ልጅ፣ ያቺ ባለ ጨርቅ ሆዷ፣ ምን እንደገፋፋት እንጃ፣ ተከትላት ሮጠች።

ጠበቅን። እየጠበቅን የቶኮዚሌ እናት እማማ ሙኮላን አንድ በአንድ ሰደበቻቸው፤ ጥርሳቸውን፣ ንፉግነታቸውን፣ ጎረቤት ማጀት ዘው ማለታቸውን፣ «እንዲህ ያለ ፈሪ ከመውለድ ድንጋይ ወልደው ቢሆን ቤት ይሠራበት ነበር» እስከ ማለት። ካሶንዴ እንባው ይወርዳል። ስድቡ ያማረ ነበር።

የካሶንዴ የእህት ልጅ ብቻዋን እያለከለከች ተመለሰች። ጓጉንቸሩን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ቶኮዚሌስ?» አለች እናት ከጉድጓዱ።

«አልመጣም ብላለች። ምጥ የያዛት አንዲት ሴት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር፣ አስገባቻት። ሥራ ላይ ነኝ በያት አለችኝ።»

የቶኮዚሌ እናት ጓጉንቸሩን ተቀብላ ጉድጓዱ ወለል ላይ አስቀመጠችው፤ ጀርባዋን ሰጥታን ፊቷን በክራቫቱ ጠረገች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ እኔ ነኝ የጎተትኳት፤ ክብደት የሚባል ነገር የላትም። ሣጥኑ ወረደ፣ ጓጉንቸሩ ላይ ኳ ብሎ አረፈ።

ከሹማምንቱ አንዱ ካሶንዴን ጠጋ ብሎ «አበዳሪዎቹ ቢሰሙ ምን ልንላቸው ነው? ይኼ ነገር ነገ ተመልሶ መቆለፍ አለበት» ሲለው ሰማነው። እሷም ሰማች። አፈር በአፈር እንደሆነች መሀላቸው ገባች።

«ቆልፍላቸዋ!» አለችው ካሶንዴን። «ጓጉንቸሩ የት እንዳለ ታውቃለህ። እናትህን ቆፍረህ አውጣና ቆልፍላቸው።»

ካሶንዴ አካፋውን ከእጄ ወሰደና አፈሩን ራሱ መመለስ ጀመረ።